የጨው ጫና እንጂ የጨው ጭንቀት አይደለም

ሰብል አይጨነቅም። ሆኖም በግብርና ሥልጠና ጽሑፎች ላይ «የጨው ጭንቀት» የሚል ሐረግ እየተለመደ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ያበሳጨኛል። ባለሙያዎቹ በእንግሊዝኛ «ሶልት ስትሬስ» ይሉታል። ስትሬስ ለሰው ሲነገር ጭንቀት ነውና ተርጓሚው ያንኑ ፍቺ አንሥቶ ወደ በቆሎው ማሳ ወሰደው። በአማርኛ ግን ጭንቀት የልብና የሐሳብ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ትጨነቃለች፤ ዕዳ የገባበት ሰው ይጨነቃል። በቆሎ የሚጨነቅበት ልብ የለውም።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል ወደ አባያ ሐይቅ ልውረድ። በአርባ ምንጭ ዙሪያ፣ በሐይቁ ዳር ባለው ዝቅተኛ ሜዳ፣ ሙዝና በቆሎ ከጋሞ ደጋ በሚወርደው የሐሬ ወንዝ ውሃ ይለማሉ። በዚህ ዓይነት ሞቃት ሜዳ ላይ የመስኖ ውሃ ሲተን ይዞት የመጣውን ጨው አፈሩ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ማፋሰሻ ከሌለና የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ከቀረበ ደግሞ ጨው ከሥርም ይወጣል። በመካከለኛው አዋሽ፣ በመልካ ሰዲና በአሚባራ የጥጥ እርሻዎች የደረሰው ይኸው ነው። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ስለ ጨው ከገበሬ ጋር የሚነጋገረው የልማት ሠራተኛ በአማርኛ የተጻፈውን መመሪያ በቃሉ ወደ ጋሞኛ ይመልሳል። መመሪያው «ጭንቀት» ካለ ስሕተቱ ወደ ሁለተኛ ቋንቋ ተሻገረ ማለት ነው።

«የጨው ውጥረት» የሚሉም አሉ። ይህኛው የተሻለ ይመስላል፤ ወጠረ የሚታይ፣ የሚዳሰስ ግሥ ነው፤ ከበሮ ይወጠራል፣ ድንኳን ይወጠራል። እኔ ግን አጥብቄ የምቃወመው ይህንኑ ነው። በውሃ የጠገበ ሕዋስ የተወጠረ ነው፤ ቅጠልን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ያ ውጥረት ነው። አፈር ውስጥ ጨው ሲበዛ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ ሕዋሱ ይላላል፣ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ጨው የሚያመጣው መላላትን ሆኖ ሳለ «የጨው ውጥረት» ማለት እውነቱን መገልበጥ ነው። ውጥረት የሚለው ቃል የጤናማው ሕዋስ ስም ሆኖ ይቀመጥልን።

የምመርጠው «የጨው ጫና»ን ነው። ጫነ በግዕዝ ጸዐነ ነው፤ ጨውም በግዕዝ ጼው ነው። ሁለቱም ቃላት ጸን ጨ አድርገው ወደ አማርኛ ገቡ፤ እንዲህ ያለ ዝምድና ያላቸውን ቃላት ማጋጠም ያስደስተኛል። ከድምፁ በላይ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ጫና ይመዘናል፤ የሚሸከመውም አቅም አለው። የአፈር ጨውነት በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ይለካል፤ 4 ዴሲሲመንስ በሜትር ያለፈ አፈር ጨዋማ ይባላል። በቆሎ ምርቱ መቀነስ የሚጀምረው ገና በ1.7 ሲሆን ጥጥ እስከ 7.7 ድረስ ይችላል። እንግዲህ «ጥጥ ከበቆሎ ይልቅ ጨው የመሸከም አቅም አለው» ብንል ጫናና መሸከም ተያይዘው ይመጣሉ፤ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። ሙዝ ደግሞ ሸክሙ ቶሎ ከሚከብዳቸው ሰብሎች ነው።

በተክሉ ውስጥ የሚሆነውን አንባቢ በከፊልም ቢሆን ያውቀዋል። መጀመሪያ የውሃ ጥም ይመጣል፤ እየቆየ ሶዲየም በቅጠሉ ይከማችና የፖታሲየምን ቦታ ይሻማል። የሚችል ተክል ሶዲየሙን በሕዋሱ ውስጥ ባለው ቋት ያጉረዋል፤ በቀረው የሕዋስ ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ ውሃው እንዳይሸሽ የሚይዙ፣ ሕዋሱን የማይጎዱ ውሑዶችን ያከማቻል። ፕሮሊን አንዱ ነው፤ ገብስና ማሽላ የሚሠሩት ቤታይን ሌላው ነው። ሁለቱም ናይትሮጅን አለባቸው፤ ስለዚህ ለዕድገት ይውል የነበረው ለመከላከያ ይወጣል። ለነዚህ ውሑዶች የወል ስም «ተስማሚ ሟሚ» ሲባል አጋጥሞኛል። ፍቺው ትክክል ነው፤ ግን ምን እንደሚሠሩ አይናገርም፣ ለአፍም ይከብዳል። እኔ «ዐቃቤ ውሃ» እላለሁ። ዐቀበ ጠበቀ ነው፤ ዐቃቤ ሕግን የማያውቅ የለም። ሕግ የሚጠብቀው ዐቃቤ ሕግ ከሆነ፣ ለሕዋስ ውሃ የሚጠብቀው ዐቃቤ ውሃ ቢባል ማን ይደናገራል?

ባዕድ ቃል ሁሉ ይውጣ ማለቴ አይደለም። ፕሮሊን ፕሮሊን ይባል፤ ሶዲየምም እንዲሁ፤ የንጥረ ነገር ስም የዓለም ነው። የሚያሳዝነኝ ጫነን፣ ተሸከመን፣ ዐቀበን የመሰሉ ግሦች እያሉት አማርኛ ለሳይንስ አይመችም መባሉ ነው። ችግሩ ያለው ከጥድፊያ ትርጉም ላይ ነው።

መመሪያ የምታዘጋጁ፣ ለተማሪ የምትጽፉ ሁሉ፦ ከሚቀጥለው እትም ጀምራችሁ «የጨው ጫና» በሉ። የተሻለ ቃል ያለው ካለም ከነሥሩ ያምጣውና እንከራከርበት፤ «ጭንቀት»ን ግን ከማሳው አውጡልን።