ስምንት ብርጭቆና አንድ ጀሪካን

«በቀን ስምንት ብርጭቆ ውሃ ጠጡ» የሚለው ምክር በየስልካችን ይዘዋወራል። እዚህ አቃቂ ቃሊቲ ውሃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ግን ቆጠራው የሚጀምረው ከብርጭቆ አይደለም፤ ከቢጫው ጀሪካን ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው።

የብርጭቆው መነሻ የአሜሪካ የምግብና ሥነ ምግብ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1945 ያወጣው ምክር ሳይሆን አይቀርም። ቦርዱ ለአንድ አዋቂ በቀን 2.5 ሊትር ያህል ውሃ ተገቢ ነው አለ፤ ወዲያው አስከትሎም አብዛኛው ከምግብ እንደሚገኝ ገለጸ። ሰው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ይዞ ሁለተኛውን ረሳው። እ.ኤ.አ. በ2002 የኩላሊት ተመራማሪው ሄንዝ ቫልቲን ጥናቶቹን አገላብጦ፣ ጤነኛ ሰው የግድ ስምንት ብርጭቆ መጠጣት አለበት የሚያሰኝ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንዳላገኘ ጻፈ። ሻዩም፣ ቡናውም፣ የሽሮ ወጡም ይቆጠራል። ጤነኛ ሰው ሲጠማው ከጠጣ በአብዛኛው ይበቃዋል። ፀሐይ ላይ የሚውል የቀን ሠራተኛ፣ የምታጠባ እናት፣ ተቅማጥ የያዘው ወይም የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ግን ተጨማሪ ያስፈልገዋል።

የጀሪካኑ ታሪክ የከተማችን ታሪክ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ አመጣ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ለገዳዲ ተገደቡ። ከተማዋ ንጹሕ ውሃዋን ከላይ ስትቀዳ፣ የተጠቀመችበትን ወደ ታች ለቀቀችው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የቤቱንም የፋብሪካውንም ፍሳሽ ተሸክመው በእኛ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግድቦቹ አልበቃ ሲሉ ከተማዋ ወደ አቃቂ የከርሰ ምድር ውሃ ዞረች። ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ውሃው በፓምፕ ሽቅብ ወደ መሃል ከተማ ይገፋ ጀመር። አቃቂ ንጹሑን ወደ ላይ ትሰጣለች፤ የቆሸሸውን ከላይ ትቀበላለች። ልጆቿ ደግሞ ጀሪካን ይዘው ይሰለፋሉ።

እስቲ እናስላው። አምስት ሰው ያለበት ቤት፣ በዚያ በ2.5 ሊትሩ ሒሳብ እንኳ ለመጠጥ 12.5 ሊትር ይፈልጋል፤ ባለ 20 ሊትሩ አንድ ጀሪካን ይሸፍነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና በነፍስ ወከፍ በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ያስፈልጋል ይላል። ዝቅተኛውን ብንወስድ 250 ሊትር፣ ማለትም ከ12 ጀሪካን በላይ ነው። ውሃ ሲጠፋ ሰው መጠጡን አይተውም፤ የሚቀረው እጅ መታጠቡ፣ ዕቃ ማጠቡ፣ የሕፃኑ ጨርቅ ነው። በሽታ የሚገባውም በዚያ በኩል ነው።

ስለዚህ ስለ ጤናችን የሚመክረን ባለሥልጣን ብርጭቆ ባይቆጥርልን ይሻላል። የፈረቃው ቀን ይከበር፤ ወንዙ ላይ ፍሳሽ የሚለቅም ይጠየቅ። ውሃው ንጹሕ ሆኖ ደጃችን ከደረሰ፣ ስንት እንደምንጠጣ ጥማችን ይነግረናል።

እናንተ ሰፈር ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?