ከንፈር አልባ ጥይት

በሮቢትና በቆቦ ቆላ ያደገ ሰው ምንሽርን ከቤልጅግ፣ ቤልጅግን ከክላሽ ለመለየት አስተማሪ አያሻውም። ስለ ጠመንጃው ሲወራ ያመሻል፤ ስለሚጎርሰው ጥይት ግን ብዙም አይነሳም። እኔ ደግሞ የጠመንጃ ታሪክ ከጥይቱ ቢጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ለዚህ የሚረዱ ሁለት ስያሜዎች አሉኝ። በፈረንጆቹ «ሴሚ አውቶማቲክ» የሚባለውን፣ ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ ቀጣዩን ያለ ሰው እጅ የሚያቀባብለውን፣ «ራስ አጉራሽ ጠመንጃ» እለዋለሁ። «ሪምለስ» የሚሉትን ጥይት ደግሞ «ከንፈር አልባ»።

ከንፈር የምለው በቀለሁ ቂጥ ዙሪያ ወደ ውጭ ወጣ ያለውን ጠርዝ ነው። አያቶቻችን ውጅግራ ያሉት፣ ፈረንሳይ በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የግራ ጠመንጃ ጥይት ይህ ከንፈር ነበረው። አረሩ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን ጠመንጃው አንዴ በተጎረሰ ቁጥር የሚተኩሰው አንድ ብቻ ነበር። ከንፈሩ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ቀለሁ ወደ አፈሙዙ ዘልቆ እንዳይገባ ያግደዋል፣ ከተተኮሰም በኋላ መንጠቆው ይዞ እንዲያወጣው መጨበጫ ይሆናል። በእጅ እያጎረሱ ለሚተኩሱ ይህ በቂ ነው።

ጥይቶች በካዝና ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ ሲደረደሩ ግን ችግር ይመጣል። የላይኛው ጥይት ከንፈር ከታችኛው ከንፈር ኋላ ከዋለ፣ ወደፊት ሲገፋ ይያያዙና ጠመንጃው ይነክሳል። በእጅ የሚያቀባብል ሰው ይህን ሲያጋጥመው መልሶ ስቦ ያስተካክለዋል፤ ራሱን የሚያጎርስ ጠመንጃ ግን ማስተካከያ እጅ የለውም። በዚህ ላይ የድሮው ጥቁር ባሩድ አመዱ ብዙ ስለሆነ ተንቀሳቃሹን ክፍል ቶሎ ያቆሽሸዋል። ጭስ አልባው ባሩድ በ1884 በፈረንሳይ ባይገኝ ኖሮ ቀጥሎ የምነግራችሁ አንዱም ባልተሠራ።

መፍትሔው ከንፈሩን አንስቶ በምትኩ በቀለሁ ወገብ ግርጌ ቦይ መቅደድ ሆነ። መንጠቆው ቦዩን ይይዛል፤ ቀለሁ አልፎ እንዳይገባ የሚያቆመውም ትከሻው ይሆናል። ጀርመኖች ይህን በ1888 በጦር ጥይታቸው ላይ ተጠቅመውበታል፤ ከቤልጅግ ጋር የምናውቀው 7.92 ሚሊ ሜትሩም የዚያ ዘር ነው። የሚገርመኝ፣ ቤልጅግ የሚበላው ጥይት ለራስ አጉራሽ የተመቸ ሆኖ ሳለ ጠመንጃው ራሱ በእጅ የሚቀባበል መሆኑ ነው።

ለአደን ተብሎ ነገሩ የተሟላው በአሜሪካ ነው። የጆን ብራውኒንግን ንድፍ ይዞ የሬሚንግተን ፋብሪካ በ1906 ራስ አጉራሽ የአደን ጠመንጃ ለገበያ አቀረበ፤ ኋላ «ሞዴል 8» ተባለ። ጠመንጃው ሲተኮስ አፈሙዙና መዝጊያው ተያይዘው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ አፈሙዙ ቀድሞ ይመለሳል፣ ቀለሁ ይወድቃል፣ መዝጊያው ሌላ ጥይት ገፍቶ ይከተላል። ለዚህ ጠመንጃ አራት ከንፈር አልባ ጥይቶች ተዘጋጁለት። አንዱ፣ ባለ .30ው ሬሚንግተን፣ አጋዘን አዳኞች ከ1895 ጀምሮ የለመዱትን ከንፈራም .30-30 በጉልበት የሚስተካከል ነው። የጥይቱ ኃይል እንዳለ ቀርቶ የቀለሁ ቅርጽ ብቻ መለወጡ ከሁሉ በላይ ነገሩን ያስረዳል።

ተፎካካሪው ዊንቸስተር በ1905 እና በ1907 ሌላ መንገድ ሞከረ፤ መዝጊያውን ሳይቆልፍ በክብደቱና በጥምዝምዝ ሽቦ ብቻ ማቆየት። ቀላል ብልሃት ነው፤ ዋጋው ግን ጥይቱ እንዲደክም መዝጊያውም እንዲከብድ ማስገደዱ ነበር። በእኔ ግምት የብራውኒንግ መንገድ የበለጠ አርቆ አሳቢ ነው።

ከዚያ ወዲያ የጥይቱ ርዝመት ማጠር ጀመረ። በ1951 ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ልጆች የያዙት ኤም ዋን ጋራንድ በአንድ ጊዜ ስምንት ጥይት ሲጎርስ፣ ቀለሁ 63 ሚሊ ሜትር ነበር። በ1952 ዊንቸስተር ያወጣው .308 የአደን ጥይት ያንን ወደ 51 አወረደው። ሶቪየቶች በ1943 የነደፉት የክላሽ ጥይት ደግሞ 39 ብቻ ነው፤ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄደው ቀለሁም ከጎረሰበት በቀላሉ እንዲወጣ ያግዘዋል።

በቆላው ላሉ ወገኖቼ አጥብቄ የምነግረው አንድ ነገር አለ። በምንሽር ከተኮሱ በኋላ እስኪያቀባብሉ ድረስ በአፉ ያለው ባዶ ቀለህ ነው። ራስ አጉራሽ ግን ካዝናው ባዶ እስኪሆን ድረስ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ሌላ ጎርሶ ይጠብቃል፤ ካዝናውን ስላወጣችሁም የጎረሰውን አይተፋም። ካዝናው ከወጣ በኋላ ማቀባበያውን ስባችሁ በአፉ ጥይት አለመኖሩን በዓይን እዩ፤ ልጆችም ባሉበት ቤት ይህ ሳይደረግ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ አይሰቀል።