የቪዲዮ ጌም ሱስ

የቪዲዮ ጌም ሱስ አንድ ሰው ጌም የመጫወት ፍላጎቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከትምህርቱ፣ ከሥራውና ከእንቅልፉ ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን በዓይኑ እያየም መተው ሲሳነው የሚከሰት የባሕርይ ሱስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት «ጌሚንግ ዲስኦርደር» በሚል ስያሜ በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 11ኛ እትም (አይሲዲ-11) ውስጥ አካትቶታል። ምደባው በሜይ 2019 በዓለም ጤና ጉባኤ ጸድቆ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ሱሱ ከአልኮል፣ ከጫትና ከሲጋራ ሱስ የሚለየው ወደ ሰውነት የሚገባ ዕፅም ሆነ መጠጥ ስለሌለው ነው። በዚህ ምክንያት በአይሲዲ-11 ውስጥ የተመደበው ከቁማር ሱስ ጎን ነው። ረጅም ሰዓት መጫወት ብቻውን ሱስ አያሰኝም። ሐኪሙ የሚመረምረው ሰውየው ጨዋታውን መጀመርና ማቆም በእጁ መሆኑን፣ እንዲሁም ጨዋታው በኑሮው ላይ ያደረሰውን ጉዳት ነው።

መለያ ምልክቶች

አይሲዲ-11 ሦስት መለያዎችን ያስቀምጣል። አንደኛው ቁጥጥር ማጣት ነው፤ መቼ እንደሚጀምር፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና መቼ እንደሚያቆም መወሰን አለመቻል። ሁለተኛው ጨዋታው ከሌሎች ፍላጎቶችና ከዕለት ተዕለት ኃላፊነቶች ሁሉ መቅደሙ ነው። ሦስተኛው ጉዳት እየደረሰም ጨዋታውን መቀጠል ወይም ጭራሽ ማብዛት ነው። ምልክቶቹ ኑሮን በጉልህ የሚያውኩ መሆን አለባቸው፤ በመደበኛነትም ቢያንስ ለ12 ወራት መታየት ይኖርባቸዋል። ሁኔታው የከፋ ከሆነ ግን ሐኪሙ ዓመት ሳይጠብቅ ሊወስን ይችላል።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ቀደም ብሎ በ2013 ባሳተመው ዲኤስኤም-5 በተሰኘው መመሪያ «የኢንተርኔት ጌሚንግ ዲስኦርደር»ን ተጨማሪ ጥናት ከሚያስፈልጋቸው ጉዳዮች ተርታ አስፍሮታል። መመሪያው ዘጠኝ ምልክቶችን ይዘረዝራል፦ ሐሳብ ሁሉ በጌም መያዝ፣ ጌም ሲከለከሉ መነጫነጭ ወይም መጨነቅ፣ የመጫወቻ ሰዓት እየጨመረ መሄድ፣ ለማቆም ሞክሮ አለመቻል፣ ቀድሞ ይወዱት የነበረውን ነገር መተው፣ ችግሩን እያወቁ መቀጠል፣ ስንት ሰዓት እንደተጫወቱ መዋሸት፣ ከከፋ ስሜት ለመሸሽ መጫወት፣ በጌም ሰበብ ወዳጅነትን፣ ሥራን ወይም ትምህርትን አደጋ ላይ መጣል። በ12 ወር ውስጥ አምስቱ ወይም ከዚያ በላይ የታዩበት ሰው መስፈርቱን ያሟላል።

በእነዚህ መለኪያዎች ሲታይ፣ በክረምት ዕረፍት በቀን አምስት ሰዓት ተጫውቶ ትምህርት ሲከፈት ወደ ደብተሩ የሚመለስ ልጅ ሱሰኛ አይባልም። በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ እየተጫወተ ለዚያ ሲል ከፈተና የሚቀር፣ ለቤተሰቡ የሚዋሽ፣ ላቆም ብሎ ደጋግሞ ያልተሳካለት ልጅ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል።

ታሪካዊ ዳራ

የጌም ሱስ ስጋት ከጌሙ ኢንዱስትሪ ጋር አብሮ ያደገ ነው። «ስፔስ ኢንቬደርስ» በ1978 ከጃፓን ወጥቶ በመላው ዓለም ከተዛመተ በኋላ፣ በ1981 የብሪታንያ የሌበር ፓርቲ የፓርላማ አባል ጆርጅ ፎክስ ይህንና መሰል ጌሞችን የሚቆጣጠር ረቂቅ ሕግ አቅርበው ነበር። ረቂቁ በ114 ተቃውሞና በ94 ድጋፍ ወድቋል።

ነገሩን የለወጠው ኢንተርኔት ነው። የመጫወቻ ቤት ማሽን ሳንቲም ሲያልቅ ጨዋታውም ያልቃል። በ1999 የወጣው «ኤቨርክዌስት» እና በ2004 የወጣው «ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት» ግን በወርኃዊ ክፍያ የሚገባባቸው፣ ተጫዋቹ ወጥቶም የማይዘጉ ዓለማት ነበሩ። ስማርት ስልክ ሲስፋፋ ጌሙ ከኪስ የማይለይ ሆነ፤ መግቢያውም በአብዛኛው ነጻ ሆኖ ገቢው በጨዋታው ውስጥ ከሚሸጡ ዕቃዎች መገኘት ጀመረ።

ጌም ለምን ይይዛል

ለንደን ውስጥ የተካሄደና በ1998 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ስምንት ወንዶች የታንክ ጌም ሲጫወቱ አእምሯቸው ዶፓሚን እንደሚያመነጭ በምስል ምርመራ አሳይቷል። ዶፓሚን አንድን ተግባር ለመድገም ከሚያነሳሳው የአእምሮ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ንጥረ ነገር ነው። ይሁንና ምግብና ሙዚቃም ይህንኑ ሥርዓት ስለሚቀሰቅሱ የዶፓሚን መጨመር ብቻውን ለሱስ ማስረጃ አይሆንም።

የበለጠ የሚያስረዳው የጌሞቹ አሠራር ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በእንስሳት ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት በየተወሰነ ጊዜ ከሚመጣው ይልቅ ባሕርይን አጥብቆ እንደሚይዝ አሳይቷል። የቁማር ማሽን የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው። በብዙ ጌሞች ውስጥ የሚሸጠውና ምን እንደያዘ ሳይከፈት የማይታወቀው «ሉት ቦክስ»ም ከዚህ አይለይም። የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን በ2018 በክፍያ የሚገኘው ሉት ቦክስ የአገሪቱን የቁማር ሕግ ይጥሳል ብሎ ወስኗል።

ሌላው ማሰሪያ ማኅበራዊ ነው። እናት እራት ቀርቧል ብላ ስትጣራ ልጁ «ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ» የሚለው ሁልጊዜ ከእልህ የተነሳ አይደለም። «ሊግ ኦቭ ሌጀንድስ»ና «ዶታ 2»ን በመሳሰሉ የቡድን ጌሞች አንድ ግጥሚያ 30 እና 40 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ ለብቻ እንደሚጫወቱት ጌም እንደልብ ቆም አድርጎ መመለስ አይቻልም፤ መሐል ላይ ጥሎ የወጣ ቡድኑን ያስሸንፋል፣ በጌሙም ይቀጣል። በየቀኑ ለገባ ሽልማት የሚሰጡ፣ አንድ ቀን ለዘለለ የሚያቋርጡ ጌሞችም አሉ። ግጥሚያው ሲያልቅ ደረጃው ወርዶ ከሆነ ለማስመለስ፣ ወጥቶ ከሆነ ለመጨመር ሌላ ዙር ይጀመራል።

ያም ሆኖ አንድ ዓይነት ጌም ከሚጫወቱ ሚሊዮኖች መካከል ቁጥጥር የሚያጡት ጥቂቶች ናቸው። ድባቴ፣ ጭንቀት፣ ብቸኝነት ወይም የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር (ኤዲኤችዲ) ያለባቸው ሰዎች የበለጠ ተጋላጭ ሆነው ተገኝተዋል። ጌም ድባቴን ሊያባብስ፣ ድባቴም ወደ ጌም ሊገፋ ስለሚችል የትኛው እንደቀደመ መለየት ብዙውን ጊዜ ያስቸግራል።

የስርጭቱ መጠን

በጥናቶች የሚገኘው አኃዝ እንደ መለኪያው ይለያያል። አንድሩ ፕርዚቢልስኪና ባልደረቦቹ በ2017 ባሳተሙት፣ በአራት አገሮች በተካሄደ ጥናት የዲኤስኤም-5ን መስፈርት ሊያሟሉ የሚችሉት ከጠቅላላው ሕዝብ ከ0.3 እስከ 1 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ገምተዋል። በ2021 የታተመ፣ የበርካታ ጥናቶችን ውጤት ያዋሐደ ትንተና ደግሞ 3 በመቶ ገደማ፣ የናሙና አወሳሰዳቸው ጥብቅ የሆኑት ጥናቶች ብቻ ሲታዩ 2 በመቶ ገደማ አግኝቷል። ችግሩ በወንዶችና በወጣቶች ላይ ይበዛል።

የሚያስከትለው ጉዳት

ቀድሞ የሚጎዳው እንቅልፍ ነው። ሌሊቱን ሲጫወት ያደረ ተማሪ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ያረፍዳል፣ ውጤቱ ይወርዳል፤ በወቀሳው የከፋው ስሜት መልሶ ወደ ጌም ይወስደዋል። ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ለክብደት መጨመር፣ ለአንገትና ለጀርባ ሕመም፣ ለዓይን ድካምና ለእጅ አንጓ ሕመም ያጋልጣል። ለብዙ ሰዓታት ሳይነሱ መቀመጥ እግር ላይ የደም መርጋት ሊያስከትል ይችላል። በቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ጭቅጭቅና ውሸት ይነግሣሉ፤ ያለወላጅ ፈቃድ በባንክ ካርድ ወይም በስልክ ገንዘብ የጌም ዕቃ መግዛትም የተለመደ የጠብ ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል ጌም በልኩ ሲሆን ጥቅም እንዳለው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ሾን ግሪንና ዳፍኔ ባቬሊየር በ2003 ያሳተሙት ጥናት ፈጣን የድርጊት ጌሞች የእይታ ትኩረትን እንደሚያሻሽሉ አሳይቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2020 «ኢንዴቨር አርኤክስ» የተባለ ጌም ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ ኤዲኤችዲ ላለባቸው ልጆች በሐኪም ትእዛዝ እንዲሰጥ ፈቅዷል።

የደቡብ ኮሪያ ልምድ

ደቡብ ኮሪያ በጌም ሱስ ላይ ረጅም መንገድ ከሄዱ አገሮች አንዷ ናት። ከ1997 የገንዘብ ቀውስ በኋላ መንግሥት ፈጣን ኢንተርኔት ሲያስፋፋ «ፒሲ ባንግ» የሚባሉ፣ በሰዓት የሚከፈልባቸው ኮምፒውተር ቤቶች በየሰፈሩ ተከፈቱ። በ1998 የወጣው «ስታርክራፍት» በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ስፖርት እስከመሆን ደረሰ። በ2005 ዴጉ ከተማ ውስጥ አንድ የ28 ዓመት ወጣት 50 ሰዓት ገደማ ያለበቂ ዕረፍት ስታርክራፍት ሲጫወት ቆይቶ ሞተ። በ2010 ደግሞ አንድ ባልና ሚስት ፒሲ ባንግ ውስጥ በጌም ምናባዊ ልጅ ሲያሳድጉ የራሳቸው ጨቅላ ቤት ውስጥ በረሃብ መሞቷ ታውቆ ታሰሩ።

በ2011 መጨረሻ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የኦንላይን ጌም እንዳይጫወቱ ከለከለ። ልጆቹ በወላጆቻቸው መታወቂያ ቁጥር መግባት ጀመሩ። በ2012 በአንድ የስታርክራፍት 2 ውድድር ማጣሪያ ላይ የ15 ዓመት ኮሪያዊ ተጫዋች በግጥሚያ መሐል እኩለ ሌሊት ሆኖ ከጨዋታው ለመውጣት ተገዶ ነበር። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2014 ሕጉን ቢያጸናውም ክልከላው የሞባይል ጌምን አይመለከትም ነበርና፣ ልጆች ወደ ስልክ ሲዞሩ ዒላማውን ሳተ። በ2021 መንግሥት ሕጉን እንደሚሽር አስታወቀ፤ ከ2022 መግቢያ ጀምሮም ቀረ። በምትኩ ወላጅ ወይም ልጁ ራሱ የመጫወቻ ሰዓት እንዲወሰን የሚጠይቅበት አሠራር ቀጥሏል።

ቻይና በተቃራኒው መንገድ ሄዳለች። ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የኦንላይን ጌም እንዲጫወቱ የተፈቀደላቸው ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ቀን ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ነው።

ክርክሩ

የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ገና ከመጽደቁ በፊት ጀምሮ ሁሉንም አላስማማም። በ2017 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ባወጣው ግልጽ ጽሑፍ፣ የማስረጃው ጥራት ዝቅተኛ እንደሆነና መስፈርቶቹም ከዕፅ ሱስ የተቀዱ መሆናቸውን ጠቅሶ፣ ምደባው ጤነኛ ተጫዋቾችን በበሽተኝነት ሊያስፈርጅና ከጌሙ ጀርባ ያለውን ድባቴ ሊሸፍን ይችላል ሲል ተቃውሟል። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ሕክምና ፈልገው የሚመጡ ሰዎች መኖራቸውን፣ ያለ ምደባ አገልግሎትም ሆነ በጀት ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን ያስረዳሉ። አይሲዲ-11 «መጠን የሚጨምር ፍላጎት»ንና «ሲያቆሙ የሚመጣ ሕመም»ን ከዋና መስፈርቶቹ ውስጥ አለማስገባቱ መስፈርቶቹ ከዕፅ ሱስ የተቀዱ ናቸው የሚለውን ትችት በከፊል ይመልሳል።

ሕክምና

የተሻለ ማስረጃ ያለው ሕክምና የግንዛቤና የባሕርይ ሕክምና (ሲቢቲ) ነው። ታካሚው ወደ ጌም የሚገፋውን ሰዓት፣ ቦታና ስሜት መለየት፣ ፍላጎቱ ሲመጣ ማሳለፍ፣ የተወውን እንቅልፍ፣ ስፖርትና ወዳጅነት መልሶ መገንባት ይለማመዳል። በጀርመንና በኦስትሪያ በ143 ወንዶች ላይ የተካሄደና በ2019 የታተመ ሙከራ እንዳሳየው፣ ይህን ሕክምና ካገኙት 69 በመቶ ያህሉ ከምልክቶቹ ሲላቀቁ፣ ተራ ሲጠብቁ ከቆዩት ግን የተላቀቁት 24 በመቶ ገደማ ነበሩ። ለጌም ሱስ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም፤ አብሮ ያለ ድባቴ ወይም ኤዲኤችዲ ግን በመድኃኒት ሊታከም ይችላል። ጃፓን በ2011 በኩሪሃማ ሆስፒታል፣ ብሪታንያ በ2019 ለንደን ውስጥ ልዩ ክሊኒኮችን ከፍተዋል።

በማስገደድ ለመፈወስ የተደረጉ ሙከራዎች ጉዳት አድርሰዋል። የቻይና ጤና ሚኒስቴር በኢንተርኔት ሱስ ስም በወጣቶች ላይ ይፈጸም የነበረውን የኤሌክትሪክ ንዝረት «ሕክምና» በ2009 አግዷል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ከተሞች የብዙ ወጣት ጌም የተጀመረው በፕሌይስቴሽን ቤት ነው። በጠባብ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥኖች ተደርድረው፣ ተረኛው ከኋላ ቆሞ እየጠበቀ፣ ፊፋ የተባለውን የእግር ኳስ ጌም በጨዋታ ቁጥር እየከፈሉ ይጫወታሉ፤ ብዙ ጊዜም ሒሳቡን የሚከፍለው የተሸነፈው ነው። በአደባባይ መሆኑ፣ ወረፋውና የኪስ ገንዘብ ማለቁ የራሳቸው ገደብ ነበሩ። ፐብጂ ሞባይልና ፍሪ ፋየር የተባሉት ጌሞች በስልክ ሲመጡ ግን ወረፋውም ከኋላ የሚያይ ሰውም ቀረ፤ ዋጋው የሚቀንሰው የሌሊት ኢንተርኔት ጥቅልም ጨዋታውን ወደ እንቅልፍ ሰዓት ይስበዋል።

ለወላጅ ይበልጥ የሚሠራው ስልኩን ነጥቆ ከመደበቅ ይልቅ ከልጁ ጋር የተስማሙበት ደንብ ነው፦ ሌሊት ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ እንዲያድር ማድረግ፣ ገደቡን በሰዓት ብቻ ሳይሆን በግጥሚያ ቁጥር መስማማት፣ በስልኩና በኮንሶሉ ላይ ያለውን የወላጅ መቆጣጠሪያ ልጁ እያወቀ መክፈት። ልጁ የተስማማበትን ገደብ ደጋግሞ መጠበቅ ካቃተው፣ ትምህርቱንና ወዳጆቹን እየተወ ከሄደ፣ እንደ አማኑኤል ባሉ የሥነ አእምሮ ሕክምና በሚሰጡ ሆስፒታሎች ባለሙያ ማማከር ይገባል። ሐኪሙም ጌሙን ብቻ ሳይሆን ልጁ በጌም የሚሸሸው ነገር መኖር አለመኖሩን ይመረምራል።