ከቀበሌ ቤት እስከ ኮንዶሚኒየም

ከመካከላችን በቀበሌ ቤት ያላደገ፣ ወይም እዚያ የሚኖር ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው። የጭቃ ግድግዳውን፣ የዛገውን ቆርቆሮ፣ ጎረቤት ሁሉ የሚጋራውን መጸዳጃ ለመግለጽ ወረቀት ማባከን አያስፈልግም። ግን ይህ ቤት እንዴት የመንግሥት ሆነ? ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ኮንዶሚኒየምስ ለማን ተሠራ? ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ከአብዮቱ በፊት የአዲስ አበባ መሬት በአብዛኛው በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበር፤ ብዙው ሕዝብም ተከራይ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ። ዝቅተኛው ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ታዲያ አዋጁ የነበረውን ቤት አከፋፈለ፤ አዲስ ቤት ግን አልሠራም። ግለሰብ ቤት ሠርቶ ማከራየቱም ተከለከለ። የቀበሌው ኪራይ ለብዙ ዓመታት ባለበት ቆመ። በዚያች ጥቂት ብር ቀበሌው ምኑን ያድሰው? ተከራዩም «የኔ አይደል፣ ምን አደከመኝ» አለ። ሕዝቡ ሲበዛ ቤቱ እያረጀ ሄደ። ሆኖም ድሃው ከከተማው መሀል አልወጣም፤ ገበያው፣ ሥራው፣ ዕድሩ ከደጁ አልራቁም። የዚህ ጥቅም የታወቀው ኋላ ሲታጣ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የጋራ ሕንጻ ባለቤትነት አዋጅ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ገርጂ ላይ የሙከራ ቤቶች ተጀመሩ። በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስመዘገበ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ መንግሥት ቦታውን ይሰጥ፣ ከባንክ በተገኘ ብድር ያስገነባ፣ ቤቱም በዕጣ ይወጣ ነበር። ባለዕድሉ 20 ከመቶውን በቅድሚያ፣ 80 ከመቶውን ለባንክ በየወሩ ይከፍል ነበር። ከቤቶቹ 30 ከመቶው ለሴቶች ተለየ። በ2005 ዓ.ም. ዝቅተኛ ገቢ ላለው 10/90፣ ሻል ላለው 40/60 ተጨመረ። ውሃውም መጸዳጃውም ቤት ውስጥ ገባ። ይህን ማቃለል አይገባም።

ግን ቅድሚያ ክፍያ የሚባል ነገር አለ። ልደታ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ የቀበሌ ቤት ነዋሪው ወይ ኮንዶሚኒየም እንዲገዛ፣ ወይ ሌላ የቀበሌ ቤት እንዲወስድ ምርጫ ተሰጠው። ገንዘብ የሌለው ምን ይመርጣል? ከአንድ አሮጌ ቤት ወደ ሌላ አሮጌ ቤት ሄደ።

በሰፈራችን ጠላ ጠምቀው ልጆች ያሳደጉ አንዲት እናት ዕጣ ወጣላቸው። እልልታው ለጉድ ነበር! ቅድሚያ ክፍያውን ከዕቁብና ከዘመድ አሰባሰቡ። ቤቱ ግን ከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጋኑን የት ያስቀምጡት? ደንበኛስ ከየት ይምጣ? አከራዩትና በኪራዩ የባንኩን ዕዳ ይከፍላሉ። የቀበሌውን ቤት አስረክበው ስለነበር፣ እሳቸው እዚያው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። «ታዲያ እትዬ፣ አሁን ባለቤት ነዎት ወይስ ተከራይ?» ብላቸው፣ «ሁለቱንም ነኝ ልጄ» አሉኝ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ዘመን ለድሃው ርካሽ ኪራይና ቅርብ ሰፈር ሰጥቶ ቤቱን ረሳ። ሁለተኛው ቤቱን አሳምሮ የነዋሪውን ኪስና እንጀራ ረሳ። የሁለቱን ደህና ደህና ጎን የሚያጣምር፣ ከከተማው ሳይርቅ በአነስተኛ ኪራይ የሚሰጥና የሚታደስ ቤት ለምን አይታሰብም? ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ ወይም ኢኮኖሚስት የሚሆነው ብዙ ነው። ፕላን ከመንደፉ በፊት እትዬ ጋናቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ይጠይቅ።