የቲኪ ቤትና የጣና ደንገል

በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ፎርት ላውደርዴል በምትባለው የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ «ማይ ካይ» የተባለ ዝነኛ ምግብ ቤት ይገኛል። ጣራው እንደ ጎጆ ሾጠጥ ያለ ነው፤ በአትክልቱ ውስጥ ፏፏቴ ይወርዳል፤ ከእንጨት የተጠረቡ ዓይነ ፈጣጣ ምስሎችም በየዛፉ ሥር ቆመው እንግዳውን ይቀበሉታል። እንዲህ ያለውን ቤት አሜሪካውያን «ቲኪ» ይሉታል። ቲኪ በፖሊኔዥያ ደሴቶች ከሚኖሩት ሕዝቦች አንዱ የሆነው ማኦሪ በአፈ ታሪኩ ለመጀመሪያው ሰው የሰጠው ስም ነው፤ የተጠረበውም ምስል በዚሁ ስም ይጠራል። ይህ ነገር ለጣና ዳር ሰው ምኑ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ታሪኩ ዞሮ ዞሮ ከእኛው ደንገል ዘንድ ስለሚደርስ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የቲኪ ቤት የተወለደው በፖሊኔዥያ ሳይሆን በካሊፎርኒያ ነው። በአሜሪካ መጠጥን የሚከለክለው ሕግ በ1933 ከተነሣ በኋላ፣ ብዙ ባሕር የዞረ ኧርነስት ጋንት የሚባል ሰው በሆሊዉድ ትንሽ መጠጥ ቤት ከፍቶ በቀርከሃና በባሕር ዳር ዕቃ አስጌጠው። ቪክተር በርጄሮንም በ1934 በኦክላንድ የራሱን ቤት ከፈተ፤ ቤቱም በኋላ «ትሬደር ቪክ» ተብሎ በብዙ አገር ቅርንጫፍ አወጣ። እኛን እጅግ የሚያስደንቀን የማዕዱ ነገር ነው። ምስሉና ጣራው የደሴት ሲሆን መጠጡ የካሪብያን ሩም፣ ምግቡም አብዛኛው ከቻይናውያን ማድ ቤት የተወሰደ ነበር። የደሴቱ ተወላጅ ቢገባበት የእናቱን እጅ ባላገኘበትም ነበር። ይህን የምንለው ለማፌዝ አይደለም፤ ሲሠራ የዋለ ሰው ለአንድ ምሽት ሌላ አገር መቀመጥ ቢመኝ ማን ይፈርድበታል?

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በሰላማዊ ውቅያኖስ የዘመቱት ወታደሮች የደሴቶቹን ወሬ ይዘው ተመለሱ። በ1947 ደግሞ ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል ከአምስት ጓደኞቹ ጋር «ኮንቲኪ» በተባለች የግንድ ታንኳ ከፔሩ ተነሥቶ በ101 ቀን ከፖሊኔዥያ ደረሰ። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋ ተነበበ፤ ቲኪ የሚለውም ስም በየሰው አፍ ገባ። ቦብና ጃክ ቶርንተን የተባሉት ወንድማማቾች ማይ ካይን በ1956 የከፈቱት ይህ ሞቅታ ሳይበርድ ነው።

ሄየርዳል ግን በዚያ አላበቃም። የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ ነበር የሚል ሐሳብ አደረበት። ደንገል ብዙ ሳይቆይ ውኃ ጠጥቶ ይሰጥማል የሚሉ ዐዋቂዎች ተቃወሙት። በግብፅ ለመርከብ የሚበቃ ደንገል ስላልነበረ ፊቱን ወደ ጣና መለሰ። የጣና ሰው የደንገልን ጠባይ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ታንኳው ከቀዘፋ በኋላ ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው እንደማይበረክት ልጅም ይነግርዎታል።

ከጣና የታጨደው ደንገል ተጓጉዞ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ፣ በቻድ ሐይቅ ባለሙያዎች እጅ፣ «ራ» የተባለች መርከብ ሆነ። ራ በ1969 ከሞሮኮው ሳፊ ወደብ ተነሥታ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደች በኋላ ባርባዶስ ሳትደርስ ተጎድታ ተተወች። በማግሥቱ ዓመት የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች ዳግመኛ በኢትዮጵያ ደንገል «ራ ሁለት»ን ሠሩ፤ እርስዋም በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ደንገሉ የእኛ ሲሆን ያሰረው እጅ በሁለቱም ጊዜ የሌላ ሐይቅ እጅ መሆኑ ጥቂት ይቆረቁረናል።

ማይ ካይ በ2014 በአሜሪካ የታሪካዊ ሥፍራዎች መዝገብ ገባ። በ2020 የማድ ቤቱ ጣራ በዝናብ ተደርምሶ ቢዘጋም፣ ወዳጆቹ አልረሱትምና ታድሶ በ2024 ተከፈተ። ከተዋሰው መልክ የተሠራ ቤት ይህን ያህል ከተጠበቀ፣ መልኩን ከማንም ያልተዋሰው የጣና ታንኳ ምን ያህል ጥበቃ ይገባው ነበር? በባሕር ዳር ጠረፍ ተቀምጠን ቀረሶና አምባዛ የምንበላ ሁሉ ከፊታችን ያለውን ውኃ እናደንቃለን፤ ደንገሉ ግን ለእርሻና ለከተማው መስፋፋት ሲመነጠር ቆይቷል፤ ከ2011 ወዲህም እምቦጭ በሐይቁ ላይ ተነሥቶበታል። የወይጦ ማኅበረሰብ ባለሙያ፣ አባቶቹ ዓሣ ያጠመዱበትን ታንኳ በመዳፍ ልክ አሳንሶ ለጎብኚ ይሸጣል። ሥራው ቆንጆ ነው፤ እኛም ገዝተን በመደርደሪያ አኑረናል። ታንኳ ግን ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም፤ አዲስ ለማሰር በየጊዜው ትኩስ ደንገል ይፈልጋል፤ ለትልቁ የሚበቃ ደንገል ለማግኘትም ሠሪው ከከተማው እየራቀ መሄድ አለበት። ራ ሁለት በኦስሎ ቤተ መዘክር ተጠብቃ ትኖራለች።