አጭር ዕድሜ የነበረው የለንደን ትራም

በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ለንደን ከሁሉ በፊት የእግረኛ ከተማ ነበረች። ከ1829 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፈረስ የሚጎተቱ ኦምኒቡሶች በጎዳናዎቿ ቢመላለሱም፣ ዋጋቸው ለላብ አደሩ ኪስ የሚቀመስ አልነበረም። የወደብ ሠራተኛውም ሆነ ልብስ ሰፊዋ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ወደ ሥራቸው በእግር ይገሠግሡ ነበር።

ጆርጅ ፍራንሲስ ትሬን የተባለው አሜሪካዊ ነጋዴ ወደ እንግሊዝ ይዞት የመጣው ሐሳብ ይህን ሁኔታ የሚለውጥ መስሎ ነበር። ፈረስ በድንጋይና በጭቃ ላይ ከሚጎትተው ይልቅ በብረት ሐዲድ ላይ እጅግ የሚበልጥ ጭነት ይጎትታል። በዚያው ፈረስ ብዙ ሰው ከተጓጓዘ ደግሞ የጉዞው ዋጋ ሊቀንስ ይችላል። ትሬን በ1860 ከሊቨርፑል ማዶ በምትገኘው በበርከንሄድ ሐዲድ ዘረጋ። በመጋቢት 1861 በለንደን ከማርብል አርች ተነሥቶ በቤይስዋተር ጎዳና የሚያልፈውን መስመር ከፈተ። በዚያው ዓመት በቪክቶሪያ ጎዳና ሁለተኛ፣ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ ከዌስትሚንስተር ድልድይ እስከ ኬኒንግተን ሦስተኛ መስመር ጨመረ።

ነገሩን ያበላሸው ሐዲዱ ነው። ትሬን የመረጠው ብረት አንዱ ጠርዙ ከመንገዱ ገጽ በላይ የጣት ውፍረት ያህል ከፍ ያለ ነበር። ይህች ትንሽ ከፍታ የሌሎችን ሠረገላዎች መንኰራኵር ትይዛለች፣ ታንገጫግጫለች፣ አልፎ አልፎም ትሰብራለች። የሚያስገርመው መድኃኒቱ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው፤ ፈረንሳዊው አልፎንስ ሉባ ከመንገዱ ጋር እኩል የሚተኛ፣ መካከሉ የተቦረቦረ ሐዲድ ከጥቂት ዓመታት በፊት በኒው ዮርክና በፓሪስ አንጥፎ አሳይቷል።

በቤይስዋተር የሚኖሩት ባለጸጎች የየራሳቸው ሠረገላ ነበራቸው፤ ትራሙ የሚሰጣቸው ጥቅም ግን አልነበረም። ስለዚህ ጩኸታቸው በረታ። ጩኸቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ የተሰበረ መንኰራኵር የተሰበረ ነው። ነገር ግን የተጠየቀው ሐዲዱ እንዲሻሻል ሳይሆን እንዲነቀል ነበር። በትራሙ የሚሳፈረው ሰው ደግሞ በአጥቢያው ምክር ቤት መቀመጫ አልነበረውም።

ትሬን ፈቃድ ያገኘው ከአካባቢ ባለሥልጣናት ብቻ ነበር። በ1862 ጉዳዩ ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜ፣ ያለ ፓርላማ ሕግ በሕዝብ ጎዳና ላይ እንዲህ ያለ ሐዲድ መዘርጋት የሕዝብን መንገድ ማወክ ነው ተብሎ ተፈረደበት። የቤይስዋተሩ መስመር በ1861 ተነሥቶ ነበር፤ የቀሩትም እስከ 1862 አጋማሽ ተነቀሉ። በበርከንሄድ ግን ሐዲዱ በተቦረቦረው ዓይነት ተተክቶ አገልግሎቱ ቀጠለ። ያው ሰው፣ ያው ሐሳብ፣ ሌላ ብረት!

ለንደን እንደገና ትራም ያየችው በ1870 ነው። በዚህ ጊዜ የፓርላማ ፈቃድ ነበረ፤ ሐዲዱም ከመንገዱ ጋር ተስተካክሎ ተነጠፈ። አዲሶቹ መስመሮች ሠራተኛው በብዛት በሚኖርባቸው በምሥራቅና በደቡብ ሠፈሮች ተዘረጉ። በኬኒንግተን በኩል ትራም እስከ ሃያኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ሲመላለስ ኖረ። በቤይስዋተር ጎዳና ግን ከ1861 ወዲህ ትራም አልተመለሰም።