ቀዶ ጥገና ወደ ጌዴኦ የመጣበት መንገድ

በጌዴኦ የቀዶ ጥገና ታሪክ የሚጀምረው ከወጌሻ ነው። ከዛፍ የወደቀ፣ በተዳፋቱ ማሳ የተንሸራተተ ወይም ከበቅሎ ጀርባ የተጣለ ሰው አጥንቱ ሲሰበር መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ቤት ነበር፤ ዛሬም ይህንኑ የሚመርጥ ጥቂት አይደለም። ወጌሻው ስብራቱን በእጁ ዳብሶ ይለያል፣ ስቦ ያገጣጥማል፣ በቀርከሃ ስንጥቅ ደግፎ በጨርቅ ያስራል። እንሰት በሚበላበት በዚህ አገር አጥንት ይጠግናሉ ከሚባሉ የእንሰት ዓይነቶች አሚቾ የሚባለው ሥር ተቀቅሎ ለተሰባሪው ይሰጣል። ቀላል ስብራት በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ይድናል።

አደጋው ያለው ማሰሪያው ላይ ነው። ማሰሪያው ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደም ወደ ጣቶች መድረሱን ያቆማል፣ ሥጋው ይሞታል፣ ሕመምተኛውም ሆስፒታል ሲደርስ የሚቀረው አማራጭ እጁን ወይም እግሩን መቁረጥ ይሆናል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ይህን ጉዳት፣ በተለይ በሕፃናት ላይ፣ ደጋግመው መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ወጌሾችን ለአጭር ጊዜ ማሠልጠን ጉዳቱን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ወጌሻን ከማራቅ ይልቅ ማስተማር የሚበጅ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ሆድ ግን ከወጌሻም ሆነ ከሌላ የባህል ሐኪም እጅ ውጭ ነበር። አንጀቱ የተጠማዘዘበት ገበሬ፣ ትርፍ አንጀቱ የፈነዳ ወጣት፣ ምጥ የጠናባት እናት ከቤት የሚያገኙት እርዳታ ጸሎትና እንክብካቤ ብቻ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ሰመመን፣ ንጹሕ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ በአንድ ክፍል መገናኘት ነበረባቸው። ሰመመን በኤተር አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1846 በይፋ ታይቷል፤ ቁስልን ከጀርም የመጠበቅ ዘዴም በ1867 በጆሴፍ ሊስተር ታትሟል። ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ግን ጦርነትን ጠበቁ።

ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ጥቂት ወራት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ደርሶ ቁስለኞችን አከመ። ቡድኑ የጀመረው ሥራ በሩሲያ ሐኪሞች ለዓመታት ቀጠለ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ስም የሚጠራው ሆስፒታልም ከዚያ በኋላ ተቋቋመ። በልጅነታቸው ከመቅደላ ተወስደው በህንድ ያደጉትና በዚያው ሕክምና የተማሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አገራቸው ተመልሰው ማከም የጀመሩትም በዚሁ ዘመን ነበር። አገልግሎቱ ግን ለረጅም ጊዜ በዋና ከተማዋና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ታጥሮ ቆየ። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ለምትርቀው ለጌዴኦ ዋና ከተማ ለዲላ፣ ከዚያም አልፎ ከይርጋ ጨፌ በስተደቡብ ለምትገኘው ለፍስሐ ገነት፣ የቀዶ ጥገና ክፍል በወሬ ብቻ የሚታወቅ ነገር ነበር።

ወደ ጌዴኦ ሕዝብ የቀረበው ትልቅ የቀዶ ጥገና ማዕከል ይርጋለም ነበር። ጌዴኦ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረበት ዘመን የግዛቱ ዋና ከተማ ለዓመታት ይርጋለም ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ የተሠማራው የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ሐኪሞችና ነርሶች በይርጋለም ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። ከጌዴኦ ተራሮች በቃሬዛ የወረደ ሕመምተኛ መኪና ካገኘ ተስፋ የሚያደርገው እዚያ መድረስን ነበር። በኋላም በካተሪንና በሬጂናልድ ሃምሊን የተመሠረተው የፊስቱላ ሆስፒታል ከቅርንጫፎቹ አንዱን በይርጋለም ከፍቷል። ፊስቱላ፣ ማለትም ሽንት ሳይቆጣጠሩት የሚፈስበት ቀዳዳ፣ የሚመጣው ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ሥጋ ከአጥንቷ ጋር አጣብቆ ስለሚጎዳው ነው፤ በወቅቱ የሚደረግ ቀዶ ጥገና ሙሉ በሙሉ ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ አብዛኞቹ የፊስቱላ ታካሚዎች የርቀት ሰለባ ናቸው።

ርቀቱን የሚያጠብበው የሕንፃ መሠራት ብቻ አልነበረም፤ የሚያስተምር ተቋም መኖር ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ለገጠሩ አሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። በኤድንብራ የተማሩት ቀዶ ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ለፋኩልቲው መመሥረት ከደከሙት አንዱ ነበሩ። በኋላ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማስተማሪያው ማዕከል ሆነ፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያም የቀዶ ጥገና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአገር ውስጥ ተጀመረ። ከዚያ በፊት ቀዶ ሐኪም ለመሆን ባሕር መሻገር ግድ ነበር። ሆኖም በአዲስ አበባ የሠለጠነ ስፔሻሊስት በአብዛኛው እዚያው ይቀር ነበርና የገጠሩ ጥያቄ መልስ አላገኘም።

ለጌዴኦ መልሱ የመጣው ትምህርቱ ራሱ ወደ ዲላ ሲወርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የዲላ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ በ2000 የደቡብ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ በ2006 ደግሞ ራሱን የቻለ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የዲላ ሆስፒታልም በዩኒቨርሲቲው ሥር ገብቶ የማስተማሪያና የሪፈራል ሆስፒታል ሆነ። ለሕመምተኛው ይህ የስም ለውጥ ብቻ አይደለም። በማስተማሪያ ሆስፒታል ተለማማጅ ሐኪም ሌሊትም ይገኛል፣ መምህሩ ቁስሉን በጠዋት ዙር ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ያያል፣ የሞተ ሰው ለምን እንደሞተ በስብሰባ ይጠየቃል።

በዚህ መካከል አገሪቱ ሌላ መንገድ ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ2009 ጤና መኮንኖችን ለ3 ዓመት በማስተርስ ደረጃ እያስተማረ የድንገተኛ ቀዶ ጥገናና የማዋለድ ባለሙያ የሚያደርግ ሥልጠና ተጀመረ። ሞዛምቢክ ተመሳሳይ ሥልጠና በ1984 ጀምራ የወረዳ ሆስፒታሎቿን በዚህ አጠናክራለች። በኢትዮጵያም ሠልጣኙ ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ጥገና ያዋልዳል፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት ያወጣል፣ የተጠማዘዘ አንጀት ይፈታል። ለገጠሩ ታስቦ በጎንደር የተፈጠረው የጤና መኮንን ሙያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የቀዶ ጥገና ቢላ ጨበጠ።

ቢላ የጨበጠ ባለሙያ ግን ያለ ሰመመን ሰጪ ምንም ማድረግ አይችልም። ዲላ ዩኒቨርሲቲም የሰመመን ሕክምና ያስተምራል። የትምህርት ክፍሉ መምህራን በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ካሳተሟቸው ሥራዎች መካከል ከቀዶ ጥገና በኋላ ስለሚሰማ ሕመም፣ ስለ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውጤቶችና በወገብ በኩል ከሚሰጥ ሰመመን በኋላ ስለሚመጣ ራስ ምታት የተጻፉ ይገኙባቸዋል። የመጨረሻው ርዕስ ከወላዶች ኑሮ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በቀዶ ጥገና ከሚወልዱ እናቶች ብዙዎቹ የሚደነዝዙት በወገብ በሚገባ መርፌ ነው። መርፌው በበሳው ሽፋን በኩል በአከርካሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲፈስ፣ እናቲቱ ስትቀመጥ ወይም ስትቆም የሚበረታ ራስ ምታት ይይዛታል፤ ልጇን ማጥባት ይቸግራታል። ቀጭንና ጫፉ እንደ እርሳስ የሾለ መርፌ መጠቀም ችግሩን በእጅጉ ይቀንሰዋል። እንዲህ ያለው ምርምር ውድ መሣሪያ ሳይሻ በማግስቱ አሠራርን ያሻሽላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የላንሴት የዓለም ቀዶ ጥገና ኮሚሽን 5 ቢሊዮን ሰዎች አስተማማኝ ቀዶ ጥገና በአቅማቸውና በወቅቱ እንደማያገኙ ገለጸ። መለኪያውንም አስቀመጠ፦ ማንኛውም ሰው ሆድ ከፍቶ ማከም፣ በቀዶ ጥገና ማዋለድና ክፍት ስብራትን ማከም የሚችል ሆስፒታል በ2 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት፤ ለ100,000 ሕዝብም ቢያንስ 20 የቀዶ ጥገና፣ የሰመመንና የማህፀን ስፔሻሊስቶች ያስፈልጋሉ። ኢትዮጵያ በ2016 በቀዶ ጥገና ደኅንነት ሕይወትን የማዳን አገራዊ መርሐ ግብር ጀመረች። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ጥገና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ አጠቃቀምም በዚህ ተጠናከረ። ይህ ቅጽ በ8 ከተሞች ሲሞከር ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚሞቱትን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ዝቅ ያደረገ ነው።

በዚህ መለኪያ ለፍስሐ ገነት ነዋሪ የሚቀረው ጥያቄ ከዋናው መንገድ ርቆ ካለው ቀበሌ እስከ አስፋልቱ ያለው ጭቃ፣ የአምቡላንስ መኖርና የሠለጠነው ባለሙያ በሥራ ቦታው መቆየት ነው። ከዓድዋ ቁስለኞች እስከ ዲላ የሰመመን ተማሪዎች ያለው ታሪክ የሚያስተምረው ቀዶ ጥገና ትምህርቱ በደረሰበት ሁሉ እንደደረሰ ነው። ስለዚህ በዲላ የሚሠለጥነውን ባለሙያ ቁጥር ማብዛት፣ በወረዳ ሆስፒታሎች እንዲቆይ መኖሪያና የሙያ እድገት ማመቻቸት፣ ደምና ኦክስጅን እንዳይጓደል ማድረግ የዚህ ታሪክ ቀጣይ ሥራ ነው።